ልኩና ግምቱ

የቤትና የቦታ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ በአንድ ከተማ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ከመቶ ስንት ሆነ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ደኅና ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። የንብረት ግብር የሁለት ነገሮች ብዜት ነውና፤ አንደኛው ምክር ቤቱ የሚወስነው የማስከፈያ ልክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገማቹ ለቤቱ የሚሰጠው ዋጋ ነው።

ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ በሮብ ገበያ አንድ ቤት 400,000 ብር ተገምቶ ልኩ ከሺሕ ሁለት ሆነ እንበል። ባለቤቱ በዓመት 800 ብር ይከፍላል። በሚመጣው ዓመት ገማቹ ያንኑ ቤት 600,000 ብር ቢለው፣ ልኩ ሳይነካ ግብሩ 1,200 ብር ይሆናል። በምክር ቤቱ እጅ አልወጣም፣ ድምፅም አልተቆጠረም፤ ግብሩ ግን በግማሽ ጨመረ።

በደንቡ ከሆነ ምክር ቤት ሒሳቡን የሚጀምረው ከወጪው ነው። ለመንገድ፣ ለመብራት፣ ለጽዳት የሚያስፈልገውን ይደምራል፤ ከገበያና ከንግድ ፈቃድ የሚያገኘውን ይቀንሳል፤ የቀረውን ለከተማው ቤቶች ጠቅላላ ዋጋ ሲያካፍል ልኩ ይወጣል። እንግዲህ የቤቶች ዋጋ ከፍ ብሎ ወጪው ካልጨመረ ልኩ ዝቅ ማለት ነበረበት። ልኩን ባለበት አቁሞ «ምንም አልጨመርንም» የሚል ምክር ቤት እውነቱን የተናገረው በግማሹ ነው። የአሜሪካው የካሊፎርኒያ ሕዝብ ይህ ገብቶት ኖሮ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 በድምፁ ባጸደቀው ሕግ ልኩን ከመቶ አንድ እንዳያልፍ ከወሰነ በኋላ፣ ንብረቱ ካልተሸጠ ወይም አዲስ ካልተሠራበት በቀር ግምቱም በዓመት ከመቶ ሁለት በላይ እንዳያድግ አሰረው።

የቢቸናና የሞጣ ሰው ግን ይህን ልዩነት ለማወቅ ካሊፎርኒያ መሄድ አላስፈለገውም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ የሌላውን አገር መሬት ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ሲመድብ፣ ጎጃም ከበጌምድርና ከትግራይ ጋር በድሮው ቁርጥ ግብር ቀርቶ ነበር። በኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ገማቾች መላካቸው በተሰማ ጊዜ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት እንቢ አሉ፤ ነገሩም ወደ ጦር መሣሪያ ዞረ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጎጃም ወርደው የብዙ ዓመት ውዝፍ ማሩ።

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል «ልኩ እንደ ገቢው የሚያድግ ነበር፤ ድኻውን የሚጎዳ አልነበረም፤ ገበሬው የተነሣው ባለማወቅ ነው» የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም። በአገረ ገዥው አስተዳደር ላይ ምሬት መኖሩ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ሌላ ግን ገበሬው የፈራው ልኩን ሳይሆን ግምቱን ነበር። ሕጉ የሚናገረው ስለ ገቢ ነው፤ ገቢን ለመገመት ግን መሬቱ የማን እንደ ሆነና ስፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አይቀርም። የጎጃም ርስት ደግሞ እንዲህ ላለው ጥያቄ አንድ መልስ አልነበረውም። ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ከአቅኚ አባት ተወልጄያለሁ እያለ በየቦታው ድርሻ ይጠይቃል፤ የዛሬው ድርሻም ነገ በሌላ ወንድም ክርክር ሊጠብና ሊሰፋ ይችላል። ይህን አንድ ጊዜ በመዝገብ ማስፈር ክርክሩን በገማቹ ብዕር መዝጋት ይሆናል። በደቡብ አገር ቃላድ ከተጣለ በኋላ መሬቱ ለማን እንደ ተሰጠ ደግሞ ወሬው ዓባይን ተሻግሮ ከገባ ቆይቷል።

ዛሬ ርስትም ቃላድም የለም፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት የመንግሥት ሆኗል። የከተማ ቤት ግብር በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሲታሰብ የኖረው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ነው። አዲስ አበባ ዘመናት ያለፉበትን ግምት በ2015 ዓ.ም. ከፍ ባደረገች ጊዜ፣ ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» በሚለው ክፍያ ላይ የተነሣው ክርክር ፍርድ ቤት ደረሰ። ሕገ መንግሥቱ የንብረት ግብር የማን ሥልጣን እንደ ሆነ ለይቶ ስላልተናገረ፣ በአንቀጽ 99 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለክልሎች ሰጡት፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። ስለዚህ ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እንደ ሮብ ገበያ ባሉ ትንንሽ ከተሞችም ገማች በር ሊያንኳኳ ይችላል።

ያን ጊዜ ለክርክር የሚበጀው የገማቹ ወረቀት ነው። የቦታው ስፋት ስንት ተባለ? ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት? ዳር መንገድ ነው ወይስ ከጓሮ? ጎረቤቱስ ስንት ተገመተ? ይህ ሁሉ ተጽፎ ለባለቤቱ ካልተሰጠው ቅሬታውን የሚያቀርበው በምን ላይ ነው? ቅሬታውን የሚሰሙትስ ገማቹን የላከው የዚያው ቢሮ ሰዎች ናቸው ወይስ ሌሎች? ምክር ቤቱ ስለ ልኩ እጅ ከማውጣቱ በፊት እነዚህን በደንቡ ውስጥ ቢጽፍ፣ ስብሰባው ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ አይመስለንም።