የሰፈርዎን ዛፍ ፎቶግራፍ አንሥተውታል?

በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ መሥሪያ ቤት ሲመላለሱ በስንት ዛፍ አጠገብ ያልፋሉ? ከእነዚህስ የስንቱን መልክ ዓይንዎን ጨፍነው ሊነግሩን ይችላሉ? ብዙዎቻችን ፎቶግራፍ የምናነሣው ለሠርግ፣ ለምረቃና ለጥምቀት ነው። ዘወትር የምናየውን ግን ዘወትር የሚኖር እየመሰለን እንተወዋለን።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባ «ሾላ» እና «ወይራ ሰፈር» የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ ስማቸውን ስንሰማ ዛሬ ትዝ የሚለን ገበያውና ታክሲው እንጂ ዛፉ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ያደገበትን ደጃፍ በፎቶግራፍ ያስቀረ ሰው ዕድለኛ ነበረ።

ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በኪስዎ ያለው ስልክ ይበቃል። የሚያስፈልገው ሰዓት መምረጥ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ትወርዳለች፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ግንዱም ይጠቁራል። ስለዚህ ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይውጡ። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የቅርፊቱ መስመር ሁሉ ጎልቶ ይታያል።

የዋርካ ትልቅነት እንዲታወቅ ከሥሩ ሰው ያቁሙ። ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን ሲያራግፍ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ መሬትም ይመልከቱ። ግንድ የዋጠውን የአጥር ሽቦ፣ ሥር ያነሣውን የመንገድ ድንጋይ፣ በጥላው ተቀምጦ ጫማ የሚሰፋውን ሰው አይለፉ። ሰውን ከማንሣትዎ በፊት ግን ያስፈቅዱ።

ከዚያም አንዱን ዛፍ መርጠው፣ የቆሙበትን ስፍራ ምልክት አድርገው በመስከረም፣ በጥርና በሐምሌ ደጋግመው ያንሡት። ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያዩ፣ ያው ዛፍ መሆኑን ይጠራጠራሉ።

በመጨረሻም ቀኑን፣ ቦታውንና የዛፉን ስም ይጻፉ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መምጣቱን መጻሕፍት ይነግሩናል፤ በእርስዎ ደጃፍ ያለውን ማን እንደ ተከለው የሚያውቁት ግን ምናልባት አንዲት አሮጊት ጎረቤትዎ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ በመጪው እሑድ ከዛፉ በፊት ወደ እርሳቸው ቤት ጎራ ይበሉ። ጠይቀው ሲጨርሱም ከዛፉ ሥር አቁመው ያንሷቸው።