ጥንቸሎቹን ያነቃው መርፌ

በ1952 ፓሪስ፣ ሴንት አን ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቹ ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒከር ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መስጠት ጀመሩ። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች እፎይ አሉ። ውሎ ሲያድር ግን የአንዳንዶቹ ፊት ደረቀ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ፓርኪንሰን የያዛቸው ይመስሉ ነበር። ብዙ ሐኪሞች ይህን መድኃኒቱ ለመሥራቱ ምልክት አድርገው ወሰዱት። የታማሚው ሥቃይ ማስረጃ ሆኖ መቆጠሩ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ምክንያቱን ለማግኘት መንገድ የከፈቱት ስዊድን የነበሩ ጥንቸሎች ናቸው። ተመራማሪው አርቪድ ካርልሰን ከሕንድ ዕፅ ሥር የሚገኘውን ረሰርፒን ሲወጋቸው ጆሯቸውን ጥለው፣ ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ሰጣቸው፤ ለውጥ የለም። በ1957 ሌቮዶፓን ወጋቸው። ብዙም ሳይቆይ ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ! ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ወደተባለ ኬሚካል ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ ዶፓሚን ኖርአድሬናሊን የተባለው ሌላ ኬሚካል ሲሠራ የሚታለፍ ደረጃ ብቻ ይመስል ነበር። በ1960 ቪየና ላይ ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ዶፓሚን ክፉኛ ማነሱን አገኙ።

አንድ እንቆቅልሽ ቀረ፤ ክሎርፕሮማዚንና መሰሉ መድኃኒት ሃሎፔሪዶል እንደ ረሰርፒን ዶፓሚንን አያሟጥጡም። ካርልሰንና ሊንድክቪስት በ1963 አይጦች ላይ ሲመረምሩ እንዲያውም የዶፓሚን ስብርባሪ በዝቶ አገኙት። ዶፓሚን ደጁ እንደተዘጋበት መልእክተኛ ነበር፤ ተቀባዩ ስለታገደ አንጎል አብዝቶ ይልካል።

እነዚህ መድኃኒቶች ለዓመታት ሲወሰዱ ደግሞ ተቃራኒው ሊመጣ ይችላል፤ ከንፈር ያላምጣል፣ ምላስ ይወጣል ይገባል። ተቀባዮቹ ለረጅም ጊዜ ከመታገዳቸው የተነሣ ከልክ በላይ ንቁ ይሆናሉ ተብሎ ይታሰባል። ሁለቱን መለየት ግድ ነው፤ በአገራችን አርቴን የሚባለው መድኃኒት መንቀጥቀጡንና መገተሩን ሲያስታግስ፣ ይህን ዘግይቶ የሚመጣውን ሊያባብሰው ይችላል። ለእሱ በ2017 አሜሪካ ያጸደቀቻቸው ቫልቤናዚንና ዴውቴትራቤናዚን፣ ረሰርፒን በሚነካው የዶፓሚን ማከማቻ በር ላይ ይሠራሉ።

ቤተሰብዎ ውስጥ እንደ ክሎርፕሮማዚን ወይም ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ አፉን፣ እጁንና አረማመዱን ይመልከቱ። የተለየ ነገር ካዩ መድኃኒቱን በራስዎ አያስቁሙ፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ያዩትን ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችል እንደሆነም ይጠይቁ።