ባለ 40 ኮንቴነር የባለ 20ን እጥፍ ይጭናል? ሁልጊዜ አይደለም!

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የተጓዘ ሰው ኮንቴነር የጫኑ መኪኖችን ሳያይ አይመለስም። ብዙዎቹ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው የሚመጡ ናቸው። ግን "ባለ 20"፣ "ባለ 40"፣ "ሃይ ኪዩብ"፣ "ሲቢኤም" ሲባል ምን ማለት ነው?

ከጓደኞቻችሁ ጋር ብር አዋጥታችሁ ከቻይና ዕቃ ለማስመጣት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ይህን ሳታውቁ እንዳትከፍሉ።

📌 ቁጥሩ ምንድነው?

20 እና 40 የኮንቴነሩ የውጭ ርዝመት ነው፤ የሚለካውም በፊት (ጫማ) ነው። የሁሉም ወርድ አንድ ነው፦ 2.44 ሜትር።

▪️ ባለ 20፦ ርዝመቱ 6.06 ሜትር፣ ውስጡ 33 ሜትር ኪዩብ ገደማ
▪️ ባለ 40፦ ርዝመቱ 12.19 ሜትር፣ ውስጡ 67 ሜትር ኪዩብ ገደማ
▪️ ባለ 40 ሃይ ኪዩብ፦ ርዝመቱ ያው ነው፤ ቁመቱ ግን ከ2.59 ወደ 2.90 ሜትር ከፍ ይላል። ውስጡ 76 ሜትር ኪዩብ ገደማ

ነጋዴው "ሲቢኤም" የሚለው ይህንኑ ሜትር ኪዩብ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሜትር ታባዛላችሁ። ለምሳሌ 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን፦ 0.6 × 0.5 × 0.4 = 0.12 ሲቢኤም። 100 ካርቶን 12 ሲቢኤም ሆነ ማለት ነው።

ግን "33 ይይዛል" ስለተባለ 33 ሲቢኤም ዕቃ አትግዙ። በካርቶኖቹ መሃል ክፍተት መኖሩ አይቀርም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ለባለ 20 ከ25 እስከ 28 ሲቢኤም ነው የሚያስቡት።

📌 ቲኢዩ የሚባለውስ?

ድሮ ዕቃ መርከብ ላይ የሚወጣው በሸክም፣ በጆንያና በሳጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ትልልቅ ሳጥኖችን መርከብ ላይ ጭኖ ላከ። በኋላ ልኩ በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ሆነ። ለዚህ ነው የቻይናው ክሬን ያነሳውን ሳጥን የጅቡቲውም ክሬን፣ የሞጆውም መኪና ያለ ችግር የሚቀበለው።

ቲኢዩ የዚህ ሥርዓት መቁጠሪያ ነው፦ አንድ ባለ 20 = 1 ቲኢዩ፣ አንድ ባለ 40 = 2 ቲኢዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የስዊዝ ቦይን ዘግታ ዓለምን ያስጨነቀችው ኤቨር ጊቭን ከ20 ሺህ በላይ ቲኢዩ ትይዛለች ሲባል 20 ሺህ ሳጥን ማለት ላይሆን ይችላል። ሁሉም ባለ 40 ቢሆኑ ሳጥኖቹ 10 ሺህ ገደማ ናቸው።

📌 ዋናው ወጥመድ፦ ክብደት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባለ 40 በቦታ የባለ 20 እጥፍ ነው፤ በክብደት ግን አይደለም። ባለ 20ም ሆነ ባለ 40 ከነዕቃው የተለመደው ጣሪያ 30,480 ኪሎ ነው። ባለ 40 ራሱ ባዶውን ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ትንሽ ያነሰ ዕቃ ነው የሚሸከመው፤ 26 ቶን ተኩል ገደማ። ባለ 20 ደግሞ 28 ቶን ገደማ። ይህ የሳጥኑ አቅም ነው፤ የመኪናና የመንገድ የክብደት ገደብ ደግሞ ከዚህም ሊያሳንሰው ይችላል።

ሴራሚክ ልታስመጡ ነው እንበል። አንድ ካሬ ሜትር ሴራሚክ 20 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ 1,400 ካሬ ሲገባ 28 ቶን ሞላ። ባለ 20ው ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው! "ባለ 40 ይሻላል" ብላችሁ ብትጨምሩ የከፈላችሁት ለባዶ አየር ነው። በተቃራኒው ፍራሽ፣ ሶፋ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ከሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ቦታው ነው፤ ለእነዚህ ሃይ ኪዩብ ያዋጣል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቀድሞ የሚሞላው ቦታው ነው ወይስ ክብደቱ?

📌 ኮንቴነር ተጋርታችሁ ከሆነ

ዕቃችሁ ኮንቴነር የማይሞላ ከሆነ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ይጫናል። በባሕር ጭነት የተለመደው ስሌት 1 ሲቢኤምን ከ1 ቶን ጋር እኩል ያደርግና የሚበልጠውን ያስከፍላል። ለምሳሌ 12 ሲቢኤም ሆኖ 1.5 ቶን የሚመዝን ዕቃ የሚከፍለው የ12 ነው። 2 ሲቢኤም ሆኖ 5 ቶን የሚመዝን ብሎን ደግሞ የ5 ይከፍላል። "በሲቢኤም ይህን ያህል ነው" ተብሎ ዋጋ ሲነገራችሁ "ክብደቱስ?" ብላችሁ ጠይቁ።

📌 በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የኮንቴነሩ በር ላይ ከፍተኛው ክብደት፣ የባዶው ክብደትና የውስጡ ስፋት ተጽፎ ታገኛላችሁ። 22ጂ1 ካለ ባለ 20፣ 42ጂ1 ካለ ባለ 40፣ 45ጂ1 ካለ ባለ 40 ሃይ ኪዩብ ነው (ጂ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው)። አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ያለው ደግሞ የኮንቴነሩ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ዕቃችሁ የት እንደደረሰ በስልካችሁ መከታተል ትችላላችሁ።

✅ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ያዙ፦ ጠቅላላ ሲቢኤም፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የኮንቴነሩ ዓይነት፣ እንዲሁም ባዶው ኮንቴነር እስከ መቼ መመለስ እንዳለበት። ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ በየቀኑ ነው የሚቆጥረው።

አብሯችሁ ብር ለሚያዋጣው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።