አንድ ዓምድ፣ 15 ዓሣ

ለሥራ አዲስ አበባ ስመጣ ከቦሌ አልወጣም። አውሮፕላኑ እዚያው ያወርደኛል፣ ስብሰባው መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ሆቴል ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ወደ ባሕር ዳር እመለሳለሁ። ባለፈው ግን የከሰዓቱ ውይይት ቀረና ግማሽ ቀን ተረፈኝ።

የሆቴሉ መግቢያ ላይ የመስታወት ገንዳ አለ። ስድስት ወርቅማ ዓሦች አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ይዞራሉ። ዕድሜዬን ጣና ዳር ዓሣ ስመዝን የኖርኩ ሰው፣ ጎንበስ ብዬ እንደ ልጅ ሳያቸው እንግዳ ተቀባይዋ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ወደዷቸው? ከውጭ የመጡ ናቸው እኮ።»

«ዘመዶቻቸው እኛ ዘንድ አሉ፣ የኔ ልጅ።»

ቀልድ መሰላት። እውነት ግን ነው። እነዚህ ወርቅማ ዓሦችና እኛ ባርበስ የምንላቸው የጣና ዓሦች ቤተሰባቸው አንድ ነው። ሁለቱም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ የሚያኝኩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ወርቅማዎቹን ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በላይ ለጌጥ ሲያራቡ ኖረዋል። የእኛዎቹን ያበዛቸው ሐይቁ ራሱ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ዓሣ አይወጣም። ያ በር በተዘጋበት ውኃ ውስጥ ትልልቆቹ ባርበሶች 15 ዓይነት ሆኑ። አንዱ ሣር ይበላል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ስምንቱ ጥርስ በሌለው መንጋጋ ዓሣ ያድናሉ።

ታክሲ ይዤ አራት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄድኩ። ቆዳቸው ተሞልቶ ከቆሙት እንስሳት ይልቅ ዓይኔን የያዘው አጠገባቸው ያለው ጽሑፍ ነበር። ለሙዚየም ሰው ስሙ፣ የተገኘበት ቦታና ቀኑ ያልተጻፈለት ናሙና ከተራ ሬሳ አይበልጥም። ጀርመናዊው ሩፔል በፈረንጆቹ 1830ዎቹ ጎንደር ድረስ መጥቶ የጣናን ዓሦች ሲሰበስብ ለየብቻቸው ስም እየሰጠ ነው። ዛሬም ፍራንክፈርት ያለው ሙዚየም የእሱን ስብስብ ይዞታል። ሌላው ቀርቶ አንዱ ባርበስ በሳይንስ ስሙ የጣና ዳሯን ጎርጎራን ተሸክሞ ይዞራል።

እኔስ? የሥራ መዝገቤ ትዝ አለኝ። ቆሮሶ አንድ ዓምድ፣ አምባዛ አንድ ዓምድ፣ ባርበስ አንድ ዓምድ። 15ቱን ዓይነት አንድ ላይ ሚዛን ላይ እጭናለሁ፣ ኪሎውን እጽፋለሁ፣ ወር ሲያልቅ ደምሬ እልካለሁ።

ይህ የቢሮ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ከባርበሶቹ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ ወንዝ ይወጣሉ፤ አስጋሪው መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ሌሎቹ ከሐይቁ አይወጡም። በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 ድረስ የጎልማሳዎቹ ባርበሶች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። በአንድ ዓምድ ሲደመሩ ግን ያልተነካው የተጎዳውን ይሸፍንለታል፤ የትኛው እንዳለቀ ድምሩ አይናገርም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናው በሚባል ሐይቅ እንደኛው ያለ የዓሣ ቤተሰብ ነበር። ከውጭ የገቡ ዓሦች በሏቸው፣ ልክ ያጣ አሰጋገር ጨመረበት፤ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከእነሱ 15ቱን «ጠፍተዋል» ብሎ መዘገበ። ቁጥሩን ሳስታውስ የሙዚየሙ መስታወት ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ማራገፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ታንኳቸውን ሲያስጠጉ ባርበሶቹን ለይተው እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው።

«ዛሬ ምን ነካህ? ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ላይ ስትመዝን ኖረህ!» አሉኝ።

ግን ተቀመጡ። ከንፈሩን ዳሰስ፣ አፉን ከፈት፣ ጀርባውን ገልበጥ እያደረጉ ከመቅጽበት ከመሩልኝ፤ ለእያንዳንዱም ስም ነበራቸው። እኔ በማስመሪያ መስመር እያሰመርኩ ዓምድ ስጨምር ስድስተኛው ክምር ላይ ወረቀቱ አለቀብኝ። የሳቸው እጅ ግን ገና አልቆመም።