931 ጨዋታ ተጫውቶ ከላይኛው ዲቪዚዮን ያልደረሰው ቶኒ ፎርድ

የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲነሳ የብዙ ሰው አፍ ቀድሞ የሚጠራው አርሰናልን፣ ማንቸስተር ዩናይትድን፣ ሊቨርፑልንና ቼልሲን ነው። ጥያቄና መልስ ሲመጣም ያው ነው። በፕሪሚየር ሊግ ብዙ ጎል ያገባው? አለን ሺረር። በዩናይትድ ማሊያ ብዙ ጊዜ የተሰለፈው? ራያን ጊግስ። ነገር ግን ኳስ አውቃለሁ ባዩን ሁሉ ዝም የምታሰኝ አንዲት ጥያቄ አለች። ከግብ ጠባቂዎች ውጭ በእንግሊዝ ሊጎች ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያደረገው ተጨዋች ማነው?

ጊግስ ብሎ የተወራረደ ሰው ተበልቷል። ጊግስ በማንቸስተር ዩናይትድ ያደረገው የሊግ ጨዋታ 672 ነው። የጥያቄዋ መልስ ቶኒ ፎርድ ይባላል። 931 የሊግ ጨዋታ ተሰልፏል፤ ከጊግስ በ259 ይበልጣል ማለት ነው። ከፎርድ በላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም 1005 ጨዋታ ያደረገው ግብ ጠባቂው ፒተር ሺልተን ነው።

የሚገርመው ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከ931ዱ ውስጥ አንዲቷ ጨዋታ እንኳን በላይኛው ዲቪዚዮን የተደረገች አይደለችም። ፎርድ በድሮው አንደኛ ዲቪዚዮንም ሆነ በፕሪሚየር ሊግ አንድ ደቂቃ ሳይጫወት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የሮጠው። ታዲያ ይሄ ሰው ምን ዓይነት ኳስ ተጨዋች ነበር?

የዓሣ አጥማጆቹ ከተማ ልጅ

ቶኒ ፎርድ እ.ኤ.አ ግንቦት 14 ቀን 1959 ግሪምስቢ ከተማ ተወለደ። ግሪምስቢ በምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ የምትገኝ፣ ኑሮዋ በዓሣ ማጥመድ ላይ የቆመ የወደብ ከተማ ነበረች። ክለቧ ግሪምስቢ ታውን ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ «መርከበኞቹ» ይሉታል። ስታዲየሙ ብለንደል ፓርክ ያለው ግሪምስቢ ውስጥ ሳይሆን አጠገቧ ባለችው ክሊቶርፕስ ስለሆነ «ይሄ ክለብ ሁሌም ከሜዳው ውጭ ነው የሚጫወተው» እየተባለ ይቀለድበታል።

ፎርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የገባው ጥቅምት 4 ቀን 1975 ግሪምስቢ ከዋልሳል ጋር ሲጫወት ነው። ዕድሜው 16 ዓመት ከ143 ቀን ነበር። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው አምስት ሰው መቀየር የለም። አንድ ክለብ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የሚችለው አንድ ተጨዋች ብቻ ነበር። ያቺን አንድ ቦታ ለ16 ዓመት ልጅ መስጠት ቀልድ አይደለም። ልጁም ገባ፣ ከዚያ በኋላ ለ26 ዓመት አልወጣም ማለት ይቻላል።

ፎርድ ጥቁር ነው። በ1975 ጥቁር ተጨዋች በእንግሊዝ ሜዳዎች ላይ በጣት የሚቆጠር ነበር። ቪቭ አንደርሰን ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ ስሙ የተጻፈው ገና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1978 ነው። በዚያ ዘመን የዝንጀሮ ድምፅ እያሰማ የሚሳደብ፣ ሙዝ ወደ ሜዳ የሚወረውር ተመልካች በየስታዲየሙ ነበር። ዳኛውም ፌዴሬሽኑም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ዛሬ ተጨዋች ሲሰደብ ጨዋታ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ግን ጥቁር ተጨዋች ስድቡን ውጦ በሚቀጥለው ቅዳሜ መሰለፍ ነበረበት። የፎርድ 931 ጨዋታ ሲቆጠር ይህም አብሮ መቆጠር አለበት።

ደጃፉ ድረስ

ፎርድ የቀኝ መስመር ሰው ነው። በክንፍ ጀመረ፣ በቀኝ አማካይነት ብዙ ዓመት ሠራ፣ ጉልበቱ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ቀኝ ተመላላሽ ወረደ። ግሪምስቢ እሱን ይዞ በ1979 ከአራተኛ ዲቪዚዮን ወደ ሦስተኛ አደገ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሦስተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ገባ። በሁለት ዓመት ሁለት ደረጃ መውጣት ለትንሽ ከተማ ክለብ ተአምር ነው። በዚያ ወቅት የከተማዋ ዓሣ አጥማጅ ከአይስላንድ ጋር በተነሳው የባህር ወሰን ክርክር ተሸንፎ ሥራ እያጣ ስለነበር ክለቡ ለሕዝቡ ከኳስም በላይ ነበር።

ፎርድ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን እጅግ የቀረበው በ1983/84 ነው። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ እነማን እንደነበሩ ስሙ፤ ቼልሲ፣ ኒውካስል ዩናይትድ፣ ሼፊልድ ዌንስደይና ማንቸስተር ሲቲ! ግሪምስቢ ከነዚህ ጋር ተናንቆ 5ኛ ወጣ። ቼልሲ፣ ሼፊልድ ዌንስደይና ኒውካስል አደጉ፣ ሲቲ 4ኛ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ቢሆን 5ኛ የወጣ ክለብ በፕሌይ ኦፍ ዕድሉን ይሞክር ነበር። ያን ጊዜ ግን ፕሌይ ኦፍ የሚባል ነገር የለም፤ የተጀመረው በ1987 ነው። በሩ ከፎርድ ፊት ለፊት ተዘጋ።

የግሪምስቢ ጀግንነት ግን በዚያ አላበቃም። በኅዳር 1984 በሊግ ካፕ ኤቨርተንን በገዛ ሜዳው ጉዲሰን ፓርክ 1 ለ 0 አሸነፈ። ያ ኤቨርተን በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮንና የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ባለቤት የሆነው ቡድን ነው።

ፎርድ በ1986 በውሰት ለሰንደርላንድ 9 ጨዋታ አደረገ። ከዚያ ሚክ ሚልስ ያሠለጥነው ወደነበረው ስቶክ ሲቲ ተዛውሮ 112 ጊዜ ተሰለፈ። በመጋቢት 1989 ዌስትብሮሚች አልቢዮን ወሰደው። ሲሪል ሬጂስ፣ ሎሪ ካኒንግሃምና ብሬንደን ባትሰን ከአሥር ዓመት በፊት የጥቁር ተጨዋቾችን ስም ያስጠሩበትን ማሊያ ለበሰ ማለት ነው። በዚያው በ1989፣ 30 ዓመት ሲሞላው፣ ለእንግሊዝ «ቢ» ቡድን ሁለት ጊዜ ተሰለፈ። «ቢ» ቡድን ከዋናው ቀጥሎ ያለ ነው፤ እንደ ሙሉ የብሔራዊ ቡድን ተሰላፊነት አይቆጠርም። ፎርድ እዚህም ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

ዌስትብሮም ደግሞ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው የሄደው። በ1991 በክለቡ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ፎርድም ያንኑ ዓመት መጨረሻ ላይ ወደ ትውልድ ከተማው ክለብ ተመለሰ።

ሌላው ጫማ ሲሰቅል

በግሪምስቢ ሁለተኛ ቆይታው 68 ጨዋታ ጨምሮ፣ በመካከሉ ለብራድፎርድ ሲቲ በውሰት 5 ጊዜ ተሰልፎ በ1994 ሲለቅ ዕድሜው 35 ሆኗል። በዚህ ዕድሜ ብዙው ተጨዋች ጫማውን ይሰቅላል። ፎርድ ግን ስካንቶርፕ ዩናይትድ ገብቶ 76 ጨዋታ ሠራ። በ1996 ከሊጉ ውጭ ለነበረው ለባሮው ለአጭር ጊዜ ተጫወተ። እዚህ ላይ አበቃለት ሲባል ስቲቭ ፓርኪን የሚያሠለጥነው ማንስፊልድ ታውን ወደ ሊጉ መለሰው።

ከበረኞች ውጭ የብዙ ጨዋታ ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ቴሪ ፔይን ነው። ፔይን በ1966 ዓለም ዋንጫን የወሰደው የእንግሊዝ ቡድን አባል ሲሆን በሳውዝሃምፕተንና በሄርፎርድ 824 የሊግ ጨዋታ አድርጓል። ፎርድ ይህን ቁጥር በጥር 1999 በማንስፊልድ ማሊያ አለፈው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሪከርዱን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ፎርድ ግን በ1999 ክረምት፣ 40 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ከፓርኪን ጋር ወደ ሮችዴል ሄደ። ሥራው ረዳት አሠልጣኝነት ጭምር ነበር። ይሁን እንጂ መሮጡን አልተወም። ለሮችዴል 89 የሊግ ጨዋታ ተሰልፏል፤ 89ኙም ከ40 ዓመት በኋላ የተደረጉ ናቸው! ፎርድ ዋልሳል ላይ ሲጀምር ያልተወለዱ ልጆች በመስመሩ ሲመጡበት ያቆማቸው ነበር። ያቆመው በኅዳር 2001 በ42 ዓመቱ ሲሆን ያኔም ከፓርኪን ጋር ባርንስሌይን ለማሠልጠን ስለተጠራ ነው።

ቁጥሩ ሲመረመር

«ታች ሊግ መጫወት ምን ያስገርማል?» የሚል አይጠፋም። ሒሳቡን እንሥራው። በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች 24 ክለብ ሲኖር አንድ ቡድን በዓመት 46 የሊግ ጨዋታ ያደርጋል። አንድ ተጨዋች ሳይጎዳ፣ በካርድ ሳይቀጣ፣ አሠልጣኝ ሳይጠላው 20 ዓመት ሙሉ ሁሉንም ጨዋታ ቢሰለፍ 920 ነው የሚደርሰው። ፎርድ ከዚያም ይበልጣል። በፕሪሚየር ሊግ 38 ጨዋታ ሒሳብ ከሆነ ደግሞ ከ24 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ታች ሊግ ደግሞ ምቾት የለውም። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ጉዞው ረጅም ነው፣ ማክሰኞ ማታ በብርድ ይጫወታሉ። ውሉ አጭር ስለሆነ ተጨዋቹ በየዓመቱ «ዘንድሮስ ይፈልጉኝ ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ገንዘብ የሌለው ክለብ ለትዝታ ብሎ ደመወዝ አይከፍልም። ፎርድን ለ26 ዓመት ቡድን ውስጥ ያቆየው አሠልጣኞቹ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ስም ዝርዝር ሲጽፉ ይጠቅመኛል ማለታቸው ነው።

በእነዚህ ዓመታት ኳሱ ራሱ ተለዋውጧል። ሲጀምር አሸናፊ ሁለት ነጥብ ነበር የሚያገኘው፤ ሦስት የሆነው በ1981 ነው። በረኛ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ የተከለከለው በ1992 ነው። ፕሪሚየር ሊግ የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። ፎርድ ከሁሉም በፊት ነበረ፣ ከሁሉም በኋላም ነበረ።

ከሱ በኋላ በቅርብ የመጣው ግርሃም አሌክሳንደር ነው። በ2011 በበርንሌይ ማሊያ ከበረኞች ውጭ 1000 ጨዋታ የሞላ ሁለተኛው ሰው ሲሆን የመጀመሪያው ፎርድ ነበር። አሌክሳንደር ግን ቢዘገይም በ37 ዓመቱ ፕሪሚየር ሊግን ቀምሷል። ፎርድ ያቺን ዕድል እንኳን አላገኘም።

የእንግሊዝ መንግሥት ለፎርድ የኤም ቢ ኢ ኒሻን ሸልሞታል። የ931 ክብረ ወሰኑንም እስካሁን የነካው የለም። ወደፊትም መነካቱ ያጠራጥራል። የዛሬ ወጣት በትልቅ ክለብ አካዳሚ ውስጥ እስከ 20 ዓመቱ ዋናውን ቡድን ሳያይ ይቆያል፤ ከገባም በኋላ አሠልጣኙ እያፈራረቀ ያሳርፈዋል። በ16 ጀምሮ በ42 የሚጨርስ ሰው ከየት ይመጣል?

ትልልቆቹ ክለቦች ላይ የሚያርፈው ዓይን ፎርድን አያየውም። የእንግሊዝ ኳስ ግን የቆመው በአናቱ ባሉት ክለቦች ብቻ አይደለም። ከሥር ሆነው ግሪምስቢን፣ ማንስፊልድንና ሮችዴልን የመሳሰሉት ክለቦች ይሸከሙታል፤ እነሱን ደግሞ የሚሸከማቸው እንደ ፎርድ ያለ፣ ዋንጫ ኖረም አልኖረ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማሊያውን የሚለብስ ሰው ነው።