የኪራይ ቤት ምንጣፍ፤ በአገልግሎት ማርጀቱና በጥፋት መበላሸቱ

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዱርቤቴ ከተማ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ሰው፥ ቤቱን በሚለቅበት ቀን ከባለቤቱ ጋራ ሊያከራክሩት ከሚችሉት ነገሮች አንዱ የወለሉ ምንጣፍ ነው። ባለቤቱ «አዲስ አንጥፌ ሰጥቼዎ ቀዳደው መለሱልኝ» ይላል፤ ተከራዩም በበኩሉ «ልረግጠው እንጂ ልሳለመው አልተከራየሁትም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መካከል በመያዣነት የተቀመጠው ገንዘብ ሳይመለስ ይቆያል፤ የቆየውም ወዳጅነት ይሻክራል።

ምንጣፍ ሲባል የሱፍ ስጋጃ ብቻ አይደለም፤ በየሱቁ የሚዘረጋውም የፕላስቲክ ንጣፍ ያው ምንጣፍ ነው። ከበሩ እስከ ባንኮኒው ድረስ ደንበኛ የሚመላለስበት መሥመር ቢሳሳ፥ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ቀለሙ ቢለቅ፥ የመደርደሪያው እግር ያረፈበት ቦታ ቢጎደጉድ፥ ይህ ሁሉ ከአገልግሎት የመጣ እርጅና ነው። ነገር ግን ከቡና ማፍያው ምድጃ የወደቀ ፍም ቢያቃጥለው፥ ስለታም ቆርቆሮ ተጎትቶ ቢቀደው፥ የፈሰሰ ዘይት ሳይጠረግ ቢቀር ጥፋት ይሆናል። ጣራው አፍስሶ ምንጣፉ ቢበሰብስ ነገሩ የባለቤቱ ነው፤ ሆኖም ተከራዩ እያየ ዝም ብሎ የባሰ እንደ ሆነ፥ ለባሰው ያህል ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ቤቱን ለውሉ ሥራ ብቻ በሚያውል ጠንቃቃ ሰው እጅም ቢሆን ይህ ይደርስ ነበርን?» የሚለው ነው። ለጨርቅ መሸጫ የተከራየ ቤት የእህል ኩንታል ቢከመርበት፥ የወለሉ ጉዳት በእርጅና ሊመካኝ አይችልም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ቤት ኪራይ በሚናገረው ክፍሉ፥ ተከራዩ የሚያደርገውን እድሳት በእርጅና ከሚመጣው ለይቶታል። ረቂቁን ያዘጋጁት የፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ አገር ሕግም፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1804 ጀምሮ ይህንኑ ልዩነት ይዟል። ደግሞም የቤቱ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተዘረዘረ፥ ተከራዩ ቤቱን በደኅና ይዞታ እንደ ተረከበ ይገመታል ይላል። እንዲህ ከሆነ፥ ዝርዝር ሳይጻፍ ቁልፍ የሚቀበል ነጋዴ ቀድሞ የነበረውን ቀዳዳ ሁሉ በራሱ ላይ ወሰደ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ስለ ሆነ፥ ለሱቅና ለመጋዘን መመኪያው የፍትሐ ብሔሩ ሕግና በጥንቃቄ የተጻፈ ውል ነው።

ጥፋት መኖሩ ቢታወቅም እንኳ፥ ያረጀውን በአዲስ ዋጋ ማስከፈል ፍትሕ አይሆንም። ለምሳሌ በ6,000 ብር የተገዛና 6 ዓመት ያገለግላል ተብሎ የታሰበ ምንጣፍ፥ አራት ዓመት ካገለገለ በኋላ ቢቃጠል፥ የቀረው የሁለት ዓመት አገልግሎት ዋጋው 2,000 ብር ነው። ካሣው ከዚህ ቢያልፍ ባለቤቱ በተከራዩ ገንዘብ አሮጌውን በአዲስ ለወጠ ማለት ነው፤ ምንም ባይከፈለው ደግሞ ይጎዳል።

ስለዚህ ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን የወለሉ፥ የግድግዳውና የበሩ ሁኔታ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፥ ሁለቱ ወገኖችና ምስክሮች ይፈርሙበት። የምንጣፉ መግዣ ደረሰኝና በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ከውሉ ጋራ ቢያያዝ ይበልጥ ይጠቅማል። በክረምት ጭቃ ለሚገባበት ደጃፍ ተጨማሪ ንጣፍ ማኖር፥ የቡናውንም ምድጃ በብረት ዝርግ ላይ ማስቀመጥ ወጪው ጥቂት ነው። ክርክር የተነሣ እንደ ሆነም፥ ሽማግሌዎች ቃልን ከቃል ጋራ ከሚያመዛዝኑ ይልቅ፥ በመግቢያው ቀን የተፈረመውን ወረቀት አይተው ቢፈርዱ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።