ስለ ዝሆኔ የሚያስተምር መምህር እንዴት ይሠለጥናል?

በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን በሚሰጥ የጤና ትምህርት ሥልጠና ሰፊ ቦታ የሚገባው በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን እንደሆኑ አሳይቷል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ተማሪው ዘንድ ሳይረፍድ የሚደርሰው በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ነው።

ሥልጠናው የሚነሣው ከበሽታው አመጣጥ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች ቆዳን አልፈው ይገባሉ። ብናኞቹ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ ሲጠቡ ፈሳሽ ይጠራቀምና እግር ያብጣል። ትንኝ ከምታስተላልፈው የቆላ ዝሆኔ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ጀርም የለውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩም የዚያው ማኅበረሰብ ልጅ ነው። በሽታውን ከመርገም ወይም ከመጥፎ ዘር የሚቆጥር መምህር፣ ሳይንሱን በቃሉ ቢወጣውም ጥርጣሬውን ለተማሪዎቹ ያወርሳል። ስለዚህ ሠልጣኞች በመጀመሪያ የራሳቸውን እምነት ግልጥልጥ አድርገው መወያየት አለባቸው። የዘር ጉዳይ በተለይ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው ለብናኙ ተጋላጭ የመሆን ባሕርይ ስለሚወረስ ነው። ይሁን እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው ተጋላጭ ቢሆንም ራሱን መጠበቅ ይችላል። ይህ ሳይብራራ ከቀረ፣ የሕሙማንን ቤተሰብ ከጋብቻ የሚያገልለው ልማድ ከሳይንስ ድጋፍ ያገኘ ይመስላል።

ገለጻ ብቻውን መምህር አያወጣም። ሠልጣኙ በባልደረቦቹ ፊት ማስተማር፣ አስተያየት መቀበልና ደግሞ መሞከር ይኖርበታል። የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ተማሪው ማታ ለወላጆቹ ሊያስረዳ በሚችል አማርኛ ማስተማርም ልምምድ ይሻል። የባዮሎጂና የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህራን አብረው ቢሠለጥኑ አንዱ የሊምፍን አሠራር፣ ሌላው የእግር አጠባበቅን ይይዛል፤ ሳፋ፣ ሳሙናና ቫዝሊን ቀርበው ትምህርቱ በእጅ ይሠራል። ክፍት ነጠላ ጫማ አፈሩን እንደማያስቀርም እዚያው ይታያል።

መምህሩ ለታመሙት የሚናገረው ተስፋም አለው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ በተበረዘ በረኪና መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ሕሙማንን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ የሕመም ግርሻ ቀንሰዋል። ግርሻው እንክብካቤውን ገና ባላገኙት ዘንድ በአማካይ ለአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲሆን፣ ባገኙት ዘንድ 19.4 ሆኗል።

በመጨረሻም ሥልጠናው መምህሩ ማድረግ የሌለበትን ያስተምራል፤ የተማሪን እግር በክፍል ፊት ምሳሌ ማድረግ ክልክል ነው። የማሳከክ፣ የማቃጠል ወይም የእብጠት ምልክት ያለበት ተማሪ ለብቻው ተጠርቶ፣ ምስጢሩ ተጠብቆ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል።